ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፤ የሰማዩ ጎዳናና ሰዓቱ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





 ንግግሬ ስለ አንድ ጎዳና ነው። ጎዳናው አስፋልት የለውም፤ ድልድይም የለውም፤ ነገር ግን ከዚህ ከተማ ብዙ ቤተ ሰብ አንዱን ልጁን በዚያ ሸኝቷል። ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ አሜሪካ ዋና ከተማ እስከ ዋሽንግተን የሚደርሰው የሰማይ ጎዳና ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ወንድም ወይም እኅት፣ አጎት ወይም አክስት የሌለው ሰው እጁን ያውጣ ብል በዚህ አዳራሽ የሚነሡት እጆች ብዙ አይመስሉኝም። ይህን አርእስት የመረጥሁበትን ሌላ ምክንያት ግን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ሰው፥ «በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ስንት ሰዓት ይበረራል?» ብሎ አራት መንገደኞችን ጠየቀ እንበል። የመጀመሪያው፥ «17 ሰዓት ያህል» ይለዋል። ሁለተኛው፥ «የለም፤ 13 ሰዓት ነው» ይለዋል። ሦስተኛው ሲነሣም ሲደርስም የግድግዳ ሰዓት የተመለከተ ነውና፥ «እኔ ያየሁት 10 ሰዓት ብቻ ነው» ይላል። አራተኛው ደግሞ እንደዚሁ የግድግዳ ሰዓት አይቶ፥ «20 ሰዓት ነው» ብሎ ይምላል። ጠያቂው ከአራቱ ሦስቱ ዋሹኝ ብሎ ማዘኑ አይቀርም። እውነቱ ግን አንዳቸውም አልዋሹም። ይህ እንዴት እንደሚሆን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ ሉል አለ። ወገቡን በክር ብለካው 1 ሜትር ያህል ሆነ። የእውነተኛይቱ ምድር ወገብ 40,075 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ በዚያ ሉል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ክር ከ400 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሁለተኛውን ጫፍ ዋሽንግተን ላይ አድርጌ አጥብቄ ወጠርሁት። ክሩ ከ29 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ጎደል አለ። በሒሳብ ትምህርት በተማርነው ሳይንና ኮሳይን የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዤ ባሰላው ደግሞ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ አገኘሁት። ክርና ሒሳብ ይህን ያህል ሲስማሙ ማየት ደስ ያሰኛል።

ነገር ግን ከርዝመቱ ይልቅ ያስገረመኝ የክሩ አካሄድ ነው። በክፍላችን ግድግዳ በተሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብናሰምር፣ መሥመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታንያን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በሉሉ ላይ የተወጠረው ክር ግን እንዲህ አላደረገም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ ሱዳንንና ሊቢያን ተሻገረ፤ የአልጄሪያን ዳርቻ አልፎ በእስፓኝና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ወጣ። በውቅያኖሱም መካከል እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ከፍ አለ። ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች፣ ወደ እርስዋ ለመድረስ እንደ ገና ወደ ደቡብ መውረድ ነበረበት። ከሁለቱም ከተሞች ይልቅ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገድ እንዴት አቋራጭ ይሆናል? ምክንያቱ ምድር ክብ ስለ ሆነች ነው። ክብ የሆነውን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስንዘረጋው አንድ ነገር መዛባቱ አይቀርም። በካርታው ላይ ቀጥ ያለው መሥመር በእውነቱ 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎባጣ መስሎ የሚታየው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል። በእርግጥ አውሮፕላን ሁልጊዜ በዚህ ክር ላይ ብቻ አይሄድም። እንደ ነፋሱ ሁኔታና እንደ አገሮቹ ጸጥታ መንገዱን ይለውጣል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። እንዲህ ያለውን ረጅም መንገድ የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን ከምድር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። 11,560ን ለ900 ብናካፍል 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ እናገኛለን። ይህ ግን ነፋስ በሌለበት ሰማይ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ነፋስ አያጣም። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን መካከለኛው ክፍል፣ አውሮፕላን በሚሄድበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ብርቱ ነፋስ አለ። ይህም ጄት ስትሪም ይባላል። የሚነሣውም የምድር ወገብ አካባቢ ሞቃት፣ ዋልታው ቀዝቃዛ በመሆኑና ምድርም በመሽከርከርዋ ነው። በክረምታቸው ወራት አንዳንድ ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለምሳሌ በጠቅላላው መንገድ አማካይ ጉልበቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እንበል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ነፋሱን በግንባሩ ስለሚቀበል በ840 ይጓዛል፤ 13 ሰዓት ከ46 ደቂቃም ይፈጅበታል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ግን ነፋሱ ከኋላው ስለሚገፋው በ960 ይጓዛል፤ 12 ሰዓት ከ2 ደቂቃም ይበቃዋል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ልዩነት ተፈጠረ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ የሆነው አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሳለ ምድር ከሥሩ ስለምትዞር ነው ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። አየሩም አውሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ይዞራሉ። ባይሆን ኖሮ ከዋርካ ላይ ተነሥታ ለጥቂት ጊዜ የበረረች ወፍ ስትመለስ ዋርካውን ባጣችው ነበር።

ይሁን እንጂ መንገደኛው «17 ሰዓት» ያለው በነፋስ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት እዚሁ ከእግራችን ሥር ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉን የሚያነሣው ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። መንደርደሪያው ደግሞ መጨረሻ አለውና ያለው መላ ሸክምን መቀነስ ነው። ሰውን አሳፍሮ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ በዚያ ላይ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ስለማይመቸው፣ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና በመንገድ አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ በረራ በየዘመኑ በሮማና በደብሊን ከተሞች ያርፍ የነበረው ስለዚህ ነው። ብዙዎቹ ረጅም በረራዎች ማታ መነሣታቸውም ይጠቅማል፤ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ከቀኑ አየር ይወፍራልና። ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ወፍራም አየር ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፤ ነፋሱም ይገፋዋል፤ አዲስ አበባ ሲደርስም አብዛኛውን ነዳጅ ጨርሶ ስለ ቀለለ ያለ ችግር ያርፋል። ስለዚህ ሳያርፍ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። እንግዲህ 17 ያለው ሄያጁ ነው፤ 13 ያለውም ተመላሹ ነው። ይህ ከፍታ ጤናማ አየርና ደጋማ ብርድ እንደ ሰጠን ሁሉ፣ ከልጆቻችን ጋር ስንለያይ ጥቂት ሰዓት ያስከፍለናል።

የቀሩት ሁለቱ ሰዎች የግድግዳ ሰዓት ያዩት ናቸው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል 116 ዲግሪ ያህል ኬንትሮስ አለ። ይህን ለ15 ብናካፍል 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም የፀሐይ እውነተኛ ልዩነት ነው። ብዙዎቹ መንግሥታት ግን ሰዓትን በሙሉ ቁጥር ስለሚወስኑ ልዩነቱ 8 ሰዓት ተደርጓል። አሜሪካኖች ደግሞ ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍተው በእነርሱ ኖቬምበር ወር መጀመሪያ ይመልሱታል፤ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። እኛ ሰዓታችንን ስለማንነካው ለውጡ በእነርሱ በኩል ብቻ ነው።

እንግዲህ በሰኔ ወር ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የተነሣ ሰው 17 ሰዓት ተጉዞ ሲደርስ በእኛ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ በዋሽንግተን ግን ገና ማለዳ ነው። ከሌሊቱ ጋር አብሮ ወደ ምዕራብ ስለ ተጓዘ በግድግዳ ሰዓት 10 ሰዓት ብቻ ያለፈ ይመስለዋል። ሲመለስ ደግሞ በፀሐይ ላይ ስለሚገሠግሥ የ13 ሰዓቱ መንገድ 20 ሰዓት መስሎ ይታየዋል። አንድ ደስ የሚል ነገር ልብ በሉ። 17ና 13 ሲደመር 30 ነው፤ 10ና 20 ሲደመርም 30 ነው። በመሄድ ያተረፍነውን ሰባት ሰዓት በመመለስ እንከፍለዋለን እንጂ ከዕድሜያችን የተጨመረም የተቀነሰም የለም።

በዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን አቆጣጠር አለን። ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር፣ በአውሮፕላን ቲኬት ላይ 7 ተብሎ የተጻፈው ማለዳ ለእኛ 1 ሰዓት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ በተቀራረበ ሰዓት ትወጣለች፤ ስለዚህ አቆጣጠራችን ለአገሩ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ቲኬቱን የጻፈው ሰው በእኛ አቆጣጠር አልጻፈውም።

ይህ ጎዳና የተከፈተው ባንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው የተመራውና ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የነበሩበት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ቡድን ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገዱ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ወደ ሰሜን አሜሪካ መብረር የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከአያቶቻችን የሳምንታት ጉዞ ወደ 13 ሰዓት የደረስነው በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ድካም ነው።

አሁን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ ያልሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሰኔ፣ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አያቴ ዐረፈች። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እርስዋ «የመጨረሻዬ» የምትለው ልጅዋ፣ በዋሽንግተን ይኖራል። እዚያ ገና የሰኞ ምሽት ነበር። በስልክ ሲረዳ አለቀሰ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ደውሎ፥ «ነገ ጠዋት በ10 ሰዓት ተኩል በሚነሣው እመጣለሁ» አለ፤ ከዚህ በላይ ሳይናገር ስልኩ ተቋረጠ። እንደ ገና ብንደውል አልተገኘም። የዕድሩ ዳኛና የሰፈር ሽማግሌዎች በድንኳኑ ተቀምጠው ቀብሩን ዛሬ እናድርገው ወይስ ልጁን እንጠብቅ እያሉ ይመክሩ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ተመልክተው፥ «ይህ ልጅ አስኳላ ተምሯል፤ አስልቶ ይንገረን» አሉ።

እኔም ኮራሁ። መጠየቅ ስችል አልጠየቅሁም፤ በስልኬም አልተመለከትሁም። የዋሽንግተን 10 ሰዓት ተኩል በእኛ የማክሰኞ ቀን 11 ሰዓት ተኩል መሆኑን በትክክል አገኘሁ። ከዚህ በኋላ ግን አጎቴ በሄደ ጊዜ «17 ሰዓት ፈጀብኝ» ያለውን አስታውሼ 17 ጨመርሁ፤ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ሆነ። በዚያ ላይ «የአገሩ ልዩነት ደግሞ አለ» ብዬ ቀድሞ የቆጠርሁትን 7 ሰዓት ሁለተኛ ጨመርሁበት። «ረቡዕ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ነው የሚደርሰው» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። በመጨረሻም የዕድሩ ዳኛ፥ «እንግዲያስ ሐሙስ መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ሬሳ አናቆይም» አሉ። አያቴም በዚያው ቀን በ9 ሰዓት ተቀበረች።

አጎቴ ረቡዕ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ወረደ። ከእኔ ስሌት 11 ሰዓት ቀድሞ መጣ፤ 4ቱ ሰዓት መሄድንና መመለስን አንድ ያደረግሁበት፣ 7ቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ የቆጠርሁት ነው። እስከ ረቡዕ 6 ሰዓት ብንጠብቅ ኖሮ እናቱን ይቀብር ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርሁት። አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፥ «እኔም የምደርስበትን ሰዓት ሳልናገር ቀረሁ» አለኝ። ከዚያም እጁን በትከሻዬ ላይ አድርጎ፥ «አሁን በደንብ ተማረው» አለ። ሉሉን ከመደርደሪያው ያወረድሁት፣ ክሩንም የወጠርሁት ከዚህ በኋላ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችንንም ስለ ነፋሱና ስለ ቦሌ ከፍታ የጠየቅሁአቸው ያን ጊዜ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ! በየቤታችን «ተማሪው ይንገረን» የምንባልበት ቀን ይመጣል። ስለዚህ ሩቅ መንገደኛ በተጠበቀ ጊዜ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የተነገረው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ሁለተኛ፣ የየትኛው ከተማ ሰዓት ነው፤ ቀኑስ የየትኛው ቀን ነው? ሦስተኛ፣ መንገደኛው ሄያጅ ነው ወይስ ተመላሽ? ይህን ካወቃችሁ በኋላ መነሻውን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ለውጡ፤ የበረራውን ሰዓት ጨምሩ፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ልዩነቱን አንድ ጊዜ እንጂ ሁለት ጊዜ አትቁጠሩ። የማታውቁት ነገር ካለ ደግሞ «አላውቅም፤ ልጠይቅ» በሉ። በዚያች ሌሊት ይህችን ቃል ብናገር ኖሮ ማንም ባልነቀፈኝ ነበር።

ወላጆችም ሆይ፤ በባዕድ አገር ያለ ልጃችሁ ሲደውል «መቼ ትነሣለህ?» ብቻ ሳይሆን «በእኛ ሰዓት መቼ ትደርሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ይህ ትምህርት ቤት ካርታ ማንበብን፣ ሉል መለካትን፣ ሳይንና ኮሳይን አስተምሮናል። ትምህርቱ ለፈተና ብቻ የተሰጠን መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው በእናቱ ቀብር ላይ ለመቆም ወይም ላለመቆም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ዐውቄአለሁ። ለመምህራኖቼ ምስጋናዬ ከዚህ የተነሣ ነው።